የትኛውን ልጅ ቡድናችን ይውሰድ? ለአንድ የደሴ ደጋፊ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ኮች፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ጓደኞቼ የከተማችን ቡድን ደጋፊዎች ነን። ክለቡ ዘንድሮ ሁለት ታዳጊ ወደ ተስፋ ቡድኑ ያስገባል ተብሎ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አራት ልጆች ላይ ግን መስማማት አቃተን፤ ልንጣላ ምንም አልቀረንም። አንዱ የሆጤ አጥቂ ነው። ግዙፍ ነው፤ በክረምቱ የሰፈር ውድድር ጎል አዝንቧል። ሁለተኛው የሸዋ በር አማካይ ነው፤ አብዶው ጉድ ያሰኛል። ሦስተኛው የኮምቦልቻ በረኛ ነው፤ ቁመቱ ብቻ ጎሉን ይሞላዋል። አራተኛው ከባቲ የመጣ ደቃቃ የግራ እግር ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ አሪፍ ነበር፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ሜዳ ውስጥ መኖሩም ተረሳ። የአራቱም ወረቀት 16 ዓመት ይላል። ካናዳ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹እዚህ የበረዶ ሆኪ ልጆች ሲመረጡ ሁሉም ነገር በጥናት ነው፤ እናንተ በጩኸት ነው የምትመርጡት› እያለ ይስቅብናል። እውነት እነሱ አይሳሳቱም? እርስዎ ቢሆኑ የትኞቹን ሁለት ይወስዳሉ? እኛ ደጋፊዎችስ ሐሳባችንን ብንናገር ነውር አለው?»

ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? ጥያቄህ ብዙ ነገር ይነካካል፤ መልሴም ይረዝማል። ቡና አስፈልተህ አንብበው።

መጀመሪያ መልሱን ልንገርህ። ምክንያቱን ከዚያ እንጫወታለን። ልጆቹን አላየኋቸውም። አንተ በነገርከኝ ብቻ ከሆነ አንዱን ቦታ ለባቲው ልጅ እይዝለታለሁ። ሁለተኛውን ቦታ ክፍት አድርጌ አጥቂውንና አብዶኛውን ሁለት ሳምንት አያቸዋለሁ። በረኛውን ዘንድሮ አልወስደውም፤ ግን ስልኩን እይዛለሁ፣ በየሦስት ወሩም እደውልለታለሁ። ከጓደኞችህ ግማሾቹ እዚህ ጋ ሲደርሱ «ይሄ ሰውዬ ኳስ አያውቅም» እንደሚሉ ይገባኛል። ይበሉ፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ወንድምህ የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። የሰሜን አሜሪካው ትልቅ የበረዶ ሆኪ ሊግ ኤንኤችኤል ይባላል፤ 32 ቡድኖች አሉት። በየዓመቱ እኛ ክረምት ልንገባ ስንል ድራፍት የሚሉት ምርጫ ያካሂዳሉ። ቡድኖቹ በተራ በተራ እየተነሱ 18 ዓመት የሞላቸውን ወይም ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውን ልጆች ይጠራሉ። ሰባት ዙር አለው፤ በጠቅላላው 224 ልጅ ይጠራል። ዓመቱን በደካማ ውጤት የጨረሱት ቡድኖች ቀድመው የመምረጥ እድል አላቸው። ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይለመድ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በእጣ ይወሰናሉ። መልማዮቹ ልጆቹን ለዓመታት ይከታተላሉ። ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። ደጋፊዎቹ ግን ቁርጥ እናንተን ናቸው። በአንድ የ17 ዓመት ልጅ ስም ለሁለት ተከፍለው ወራት ይከራከራሉ።

ታዲያ አይሳሳቱም ወይ? ኧረ በደንብ ይሳሳታሉ። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ነገር ሳነሳ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ውሰደው።) በ1993 ኦታዋ አንደኛ ተራ ደርሶት አሌክሳንደር ዴይግል የሚባል አጥቂ ጠራ። ልጁ ገና ሳይጫወት ኮከብ ተብሎ ነበር። ሁለተኛ ተራ የነበረው ሃርትፎርድ ክሪስ ፕሮንገር የሚባል ተከላካይ ወሰደ። ዴይግል የተባለለትን ያህል ሳይሆን ቀረ። ፕሮንገር በ2000 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ በ2015 ደግሞ የታላላቅ ተጫዋቾች ስም የሚዘከርበት የዝና አዳራሽ ገባ። ወንድምህ ያለው ኦታዋ ከሆነ ይህን ታሪክ ለጎረቤቶቹ እንዳያነሳባቸው። አሁንም ያማቸዋል።

የበረኞቹ ነገር ይብሳል። በ2000 ከኒው ዮርክ ሁለት ቡድኖች አንዱ፣ አይላንደርስ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ተራ ለበረኛ አዋለው፤ ሪክ ዲፒየትሮ ይባላል። ሌላው የኒው ዮርክ ቡድን ሬንጀርስ በዚያው ዓመት ሁሉም ደክሞት ሊበተን ሲል፣ በ205ኛ ተራ፣ ሄንሪክ ሉንድክቪስት የሚባል የስዊድን በረኛ ወሰደ። ዲፒየትሮን ጉዳት እየደጋገመ ጣለው። ሉንድክቪስት በ2012 የሊጉ ምርጥ በረኛ ሆነ፣ በ2023 ዝና አዳራሽ ገባ። አንደኛና 205ኛ! ያውም በአንድ ከተማ።

ዲትሮይትም አለ። በ1998 በ171ኛ ተራ ፓቬል ዳትሱክን ወሰደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎች ሁሉም አልፎት ነበር፤ ደቃቃ ነው ተብሎ። በማግስቱ ዓመት በ210ኛ ተራ ሄንሪክ ዜተርበርግን ጨመረ። በ2008 ሁለቱ አንድ ላይ ዋንጫ አነሱ። ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ መልማይ እያለ፣ 170 ጊዜ ሌላ ስም ተጠርቶ ነው የዳትሱክ ስም የተጠራው።

እነሱ ከእኛ የሚሻሉበት ነገር አንድ ነው ብዬ አስባለሁ። ስህተታቸው በጽሑፍ ይቀራል። ማን፣ መቼ፣ ማንን ምን አይቶ እንደመረጠ ይታወቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ተቆጥሮ ይታያል። በእኛ አገር መልማዩም ተመልማዩም ይረሳሉ። ሙከራ ይደረጋል፣ ልጅ ይወሰዳል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ልጅ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ያው ስህተት በየዓመቱ ይደገማል።

እነሱ በመቁጠር ያገኙትን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለአራቱ ልጆች በቀጥታ ይጠቅማል። ካናዳ ውስጥ የታዳጊ ሆኪ እድሜ ምድብ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። በ1985 ተመራማሪዎች የልጆቹን የልደት ወር ሲቆጥሩ፣ ከተመረጡት ውስጥ ከጃንዋሪ እስከ ማርች የተወለዱት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከተወለዱት በብዙ እንደሚበልጡ አዩ። የጃንዋሪ ልጅ ተሰጥኦ ስለሚበልጥ አልነበረም። በአንድ ምድብ ውስጥ አሥራ አንድ ወር ታላቅ ነው፤ በዚያ እድሜ አሥራ አንድ ወር ብዙ ጡንቻ ነው። ትልቁ ይመረጣል፣ የተመረጠው የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፣ ሥልጠና ያገኘው ይበልጥ ይሻላል። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1980 እስከ 2006 የነበሩትን ድራፍቶች አይቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ከሚገባቸው ተራ ዘግይተው እንደሚጠሩ አሳየ። ኋላ ላይ ግን ከተጠሩበት ተራ በላይ ሆነው ተገኙ። መልማዮቹ ታናናሾቹን በርካሽ እየሰጡ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ እናምጣው። የፊፋ የእድሜ ውድድሮችም የሚቆጠሩት ከጃንዋሪ 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ገደማ ይውላል። ስለዚህ በጥር የተወለደ ልጅ የምድቡ ታላቅ ነው፤ በኅዳር የተወለደው ታናሽ ነው። የአራቱም ወረቀት 16 ይላል ብለኸኛል። ወሩን አይተኸዋል? ሰዉ ዓመቱን አይቶ ወሩን ይዘለዋል።

ወሩ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት ትጨምራለህ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ጸሐፊው በጅምላ ስምንት ከጨመረ፣ በኅዳር 2001 የተወለደ ልጅ 2008 መሆን ሲገባው 2009 ይሆናል። ማንም ሳይዋሽ ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ወጣት ሆነ። ወረቀት ያልኩት እንኳ ካለ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። የእናንተ ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። በተለይ የገጠር ልጅ ከሆነ እድሜው የእናቱ ትዝታ ነው፤ «ለአረፋ ማግስት ነው»፣ «አዝመራ ሲሰበሰብ ነው» ዓይነት። እናት አትሳሳትም። ያንን ወደ ቀን የሚቀይረው ሰው ግን ይሳሳታል።

እንግዲህ አጥቂውን እንየው። አንዳንድ ሰው ግዙፍ ልጅ ሲያይ ወዲያው «እድሜ ቀንሷል» ይላል። ይሄን ቶሎ አትበል። ወንድ ልጅ በፍጥነት የሚመዘዘው በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ላይ ነው። ግን አንዱ ቀድሞ ይጨርሳል፣ አንዱ 16 ሞልቶትም ገና ይጀምራል። ሁለት እውነተኛ የ16 ዓመት ልጆች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አባትና ልጅ ሊመስሉ ይችላሉ። ፊፋ ራሱ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ኤምአርአይ የሚያስነሳው በዓይን ስለማይታወቅ ነው። ያም የሚያየው የአጥንቱ ማደጊያ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ እድሜውን ተወውና ሌላ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጎሎቹ እንዴት ነው የገቡት? ኳስ ከኋላ ተልኮለት፣ ተከላካዩን ሮጦ አልፎት፣ በረኛው ላይ ደርሶ ከሆነ ልጁ እስካሁን ያሳየህ እግሩን ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁሉም እንደሱ ይሮጣል። ቴስታ ሲመታም ከሁሉም በላይ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ያው ነው። በተቃራኒው ተከላካዩ ሲዞር ዓይቶ ከጀርባው የሚሰወር ከሆነ፣ ኳስ ሳይመጣ ቦታ የሚቀይር ከሆነ፣ በሁለተኛው ንክኪ ሳይሆን በመጀመሪያው የሚመታ ከሆነ፣ ያ ነገር ሲያድግም አብሮት ያድጋል።

ይሄን ለማወቅ ውድ ነገር አያስፈልግም። ከ19 እና ከ20 ዓመት ልጆች ጋር አጫውተው። ጉልበቱ እኩል ሲሆንበት ምን ይቀረዋል? እንግሊዞች ከ2015 ወዲህ ታዳጊዎችን በልደት ዓመት ከመመደብ ይልቅ በአካል ብስለት እየመደቡ ማጫወትን ሞክረዋል። ቀድመው ያደጉት ጨዋታው ይከብዳቸዋል፣ መላ መፈለግ ይጀምራሉ። ዘግይተው የሚያድጉት ደግሞ ኳሱን ይዘው መምራት ይጀምራሉ። ሆጤ ላይም ይሄንን ለማድረግ የሚያስፈልገው ፊሽካና ሁለት ዓይነት ማልያ ነው።

ምን ያህል ቁመት እንደሚቀረው መገመት ከፈለጋችሁ ቀላል ስሌት አለ። የአባትን ቁመት ከእናት ጋር ደምር፣ 13 ሳንቲ ሜትር ጨምር፣ ለሁለት አካፍል። አባት 175፣ እናት 160 ከሆኑ 174 ይመጣል። ስምንት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ፍርድ አትውሰደው። የባቲውን ልጅ አባት ማየት ግን ከአሥር ሰው ክርክር ይሻላል።

አሁን እሱ ጋ ደረስን። ለምን እሱን አስቀደምኩ?

ባቲ ከደሴ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች። ያ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም። ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ከልክሎ ነበር። ቦሊቪያና ጎረቤቶቿ ጮኹ፤ ከፍታው ወደ 3,000 ተነሣ፣ በ2008 ደግሞ እገዳው ቆመ። ፊፋ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ከቆላ የመጣ ሳንባ በዚያ ከፍታ ላይ በመጀመሪያው ቀን እንደሚቸገር ግን ማንም አይከራከርም። ልጁ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ምናልባት በዚያው ጠዋት፣ ምናልባት ሳይበላ፣ ሳንባው ሳይለምድ ሜዳ ገባ። ሃያ ደቂቃ አሪፍ ተጫወተ፣ ከዚያ ጠፋ። ሌላ ምን እንዲሆን ጠብቀን ነበር? የደሴ ልጆች የተወለዱት ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ሳንባቸው ያውቀዋል።

ሙከራው መቼ እንደነበር አልነገርከኝም። በረመዳን ወይም በዓቢይ ጾም ከነበረ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ መልማይ ሥራውን አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውሃ ሳይቀምስ የሚሮጥን ልጅ ቁርስ በልቶ ከመጣው ጋር ማወዳደር ፍርድ አይደለም። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ወይም ሙከራውን ከጾሙ በኋላ ማድረግ ነው። ጫማውንም ተመልከት። አንዱ ታኬታ አድርጎ፣ ሌላው በተዋሰው ሸራ ጫማ በጠጠር ሜዳ ላይ ሲዞር የሚንሸራተት ከሆነ፣ ያየኸው ጫማውን ነው።

ስለዚህ ለእኔ ዋናው የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ነው። እዚያ ውስጥ ምን አደረገ? ኳስ ከመቀበሉ በፊት አንገቱን ዞር አድርጎ አየ? ከተቀበለ በኋላ ለመጫወት ስንት ንክኪ ፈጀበት? ኳሱን ሲነጠቅ ምን አደረገ? አንተ «አሪፍ ነበር» ያልከው በእነዚህ ከሆነ ልጁ ከአራቱ ይቀድማል። ትንፋሽ በወራት ይሠራል። ማየትን በዚህ እድሜ ማስተማር ግን ከባድ ነው፤ አይቻልም አልልህም፣ ግን ከባድ ነው። ንጎሎ ካንቴ ትልልቆቹ የፈረንሳይ ማሠልጠኛዎች ያለፉት ልጅ ነው፤ ትንሽ ነው ብለው። ሱሬን በምትባል የፓሪስ ዳርቻ ክለብ አድጎ፣ በታችኛው ሊግ ዞሮ፣ በ2016 ከሌስተር ጋር፣ በ2017 ከቼልሲ ጋር የእንግሊዝን ሊግ በላ፤ በ2018 የዓለም ዋንጫ። ሉካ ሞድሪችንም የክሮኤሺያው ክለብ ሃይዱክ ስፕሊት ደቃቃ ነው ብሎ መልሶታል። ሁሉም ደቃቃ ሞድሪች ይሆናል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ አይሆኑም። ግን ደቃቃ ሆኖ ከግዙፎቹ ጋር ሃያ ደቂቃ በልጦ የተጫወተ ልጅ በጉልበት አልበለጠም። በሌላ ነገር ነው የበለጠው። ያንን ነገር ነው የምገዛው።

አንድ ችግር ግን አለ፤ ክለቦቻችን የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። የባቲው ልጅ ደሴ ውስጥ የት ያድራል? ማን ያበላዋል? ትምህርቱስ? የሆጤው ልጅ እናቱ ቤት ያድራል። ይሄኛው ግን ዘመድ ከሌለው በወር ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል፣ ከዚያ «ዲሲፕሊን የለውም» ይባላል። የሰፈሩ እኩዮች በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ለመሻገር በሚነሡበት አካባቢ ደግሞ፣ ተመልሶ የሄደ ልጅ ሁለተኛ ላታገኘው ትችላለህ። ክለቡ መኝታና ምግብ መስጠት ካልቻለ እንዳይወስደው እመክራለሁ። ባቲ ሆኖ እየተጫወተ በየወሩ መጥቶ ቢታይ ይሻላል። መልሴን የሚቀይረው ይህ ብቻ ነው።

አብዶኛው። እኔም አብዶ እወዳለሁ፤ ደሴ ላይ አብዶ የማይወድ ሰው ካለ አሳየኝ። ግን አብዶ ምን ያህል እንደሚያሳውር ስለማውቅ ራሴን እጠብቃለሁ። ሰው ሦስት ተጫዋች ያለፈበትን ቅጽበት ያስታውሳል፤ ኳስ የተነጠቀባቸውን ዘጠኝ ጊዜያት አያስታውስም። እንዲህ አድርጉ። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር ቡድኑ ኳሱን እንደያዘ ቀጠለ ወይስ ተነጠቀ ብሎ ምልክት ያድርግ። ከተነጠቀ በኋላ ባሉት አምስት ሰከንዶች ልጁ ምን እንዳደረገ በሌላ ረድፍ ይጻፍ፤ ሮጠ፣ ቆመ፣ ወይስ እጁን አንሥቶ ዳኛውን አየ። ከአንድ ጨዋታ በኋላ ክርክራችሁ ግማሹ ያልቃል። ፍሬዲ አዱን ታስታውሰዋለህ? በ2004 በ14 ዓመቱ ዋሽንግተን ላይ ፕሮፌሽናል ሆኖ ተጫወተ። «አዲሱ ፔሌ» ተባለ። ኳስ ማታለል አልጎደለውም። ግን ትልቅ ተጫዋች ሳይሆን ክለብ ለክለብ ዞሮ ጨረሰ።

ሁለተኛውን ቦታ ለመወሰን ሁለት ሳምንት ያልኩህ ለዚህ ነው። አራት ለአራት በትንሽ ሜዳ አጫውቷቸው፤ እያንዳንዱ ኳስ ብዙ ይነካል፣ መደበቂያ የለም። በመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም አንድ አዲስ ነገር ንገሯቸው። ለአብዶኛው «በራሳችን ሜዳ ከሁለት ንክኪ በላይ የለም» በሉት። ለአጥቂው «ኳስ ስትጠይቅ መጀመሪያ ወደ ኋላ ራቅ፣ ከዚያ ና» በሉት። በሳምንቱ ሳታስታውሷቸው እዩ። ማን ያዘው? እኔ በ16 ዓመት የምፈልገው ይህንን ነው፤ የነገሩትን የሚይዝ ልጅ። ዛሬ ማን ይበልጣል የሚለው ለዛሬ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። የወሎ ልጆች እንደ እድሜያቸው አልሠለጠኑም። ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሜዳውም ቤቱም ባዶ ሆነ። ኳስ በደንብ በሚለመድበት እድሜ ላይ ነበሩ። ስለዚህ «በ16 ዓመቱ ይሄን አያውቅም?» ከማለት በፊት፣ በአሠልጣኝ ስንት ዓመት ሠልጥኖ ያውቃል ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለት ዓመት ሠልጥኖ እዚህ የደረሰ ልጅ ስድስት ዓመት ሠልጥኖ እዚሁ ከደረሰው ይበልጣል።

ስለ በረኛው ብዙ አልልም። ሉንድክቪስትን ያነሣሁት ለእሱ ነው። በረኛ በ16 ዓመት አይታወቅም፤ ሆኪውም እግር ኳሱም ላይ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ቁመት ጥሩ ነው፤ ቁመት ብቻውን ግን የሚያድነው ከላይ የሚመጣውን ነው። ኮርና ሲመጣ ይወጣል ወይስ መስመሩ ላይ ይቆማል? ጎል ከገባበት በኋላ የሚቀጥለውን ኳስ እንዴት ያዘ? ተስፋ ቡድኑ ውስጥ ሁለት በረኛ ካለ ሦስተኛ ሆኖ ወንበር ማሞቅ ልጁን ይጎዳዋል። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው። እዚያ በየሳምንቱ እየተጫወተ ይቆይ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዩት። ጉልበቱ ሥር፣ እግሩ ላይ ያመኛል ካለ ደግሞ ቶሎ የሚመዘዙ ልጆች ላይ የሚታይ ሕመም ሊሆን ስለሚችል እረፍት ያስፈልገዋል፤ «ቻለው» አይባልም።

ስታዲየም ብቻውን ተጫዋች እንደማያፈራ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ወልዲያ ላይ ያ የሚያምር የሼህ ሙሐመድ ሁሴን ዓሊ አል-አሙዲ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ቡድኑ ፕሪምየር ሊግ ላይ ነበር። በማግስቱ ዓመት ወረደ። ስታዲየሙ ያው እዚያው አለ። እኔ ብጠየቅ ለአራት ታዳጊዎች መኝታና አንድ ቋሚ አሠልጣኝ ከአዲስ አጥርና ከቀለም አስቀድማለሁ። ክለባችሁ ሁለት ልጅ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሊያስቀምጣቸው ከሆነም ሁለቱም ሰፈር ውድድር ላይ ቢቆዩ ይሻላቸዋል።

የመጨረሻው ጥያቄህ ስለ እናንተ ነበር። መናገር ምንም ነውር የለውም። ክለቡ የእናንተ ነው። ግን የልጆቹን ፎቶና ስም ፌስቡክ ላይ አታውጡ። የ16 ዓመት ልጅ «አይረባም» ተብሎ ሦስት መቶ ሰው ሲስቅበት ያነበዋል፤ እናቱም ታነበዋለች። «እድሜ ቀንሷል» የሚለውንማ ጭራሽ በአደባባይ አትጻፉት፤ ጥርጣሬ ካላችሁ ለክለቡ በጽሑፍ አስገቡ። ደላላ ነገር ቢመጣና «እኔ አዲስ አበባ አስገባዋለሁ፣ ትንሽ ብር ብቻ» ቢል፣ ለልጁ አባት ቀድማችሁ ንገሩ። የእውነት መርዳት ከፈለጋችሁ ደግሞ ያን ወረቀት የሚይዝ ሰው ከመካከላችሁ ምረጡ። የሚጮኸውን ሳይሆን ዝም ብሎ የሚያየውን። ሙከራ በተደረገ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ በልቶ ይሁን ጾሞ፣ ማን ተወስዶ ማን እንደቀረ ይጻፍ። ደብተሩ የክለቡ ቢሆን ጥሩ ነበር። ክለቡ እስኪይዘው ግን እናንተ ያዙት።